የማስቲሽ ሽታና የአንድ ሐኪም ቆጠራ

የዓለም ሥራ ድርጅት ሚያዝያ 20ን የሥራ ላይ ደኅንነትና ጤንነት ቀን አድርጎ ማክበር ከጀመረ ከ20 ዓመት በላይ ሆነ። ከፎቅ የወደቀና እጁን ማሽን የበላው ሠራተኛ ይታያል፤ በትንፋሽ የሚገባ ኬሚካል ግን የሚታወቀው በቁጥር ነው። ከሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ ስንት እጁ መርዝ ቢሆን ይፈቀዳል? የጫማ ሙጫን ያህል የዚህን ቁጥር ታሪክ የሚያሳይ ነገር ጥቂት ነው።

ቤንዜን (መኪና የሚሞላው ቤንዚን አይደለም፤ በውስጡ ግን በጥቂቱ አለ) ላስቲክ ያሟሟል፣ ቶሎም ይተናል። መቅኔ እንደሚጎዳ ከ19ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ጀምሮ ይታወቃል። ያም ሆኖ በ1946 (ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው) የአሜሪካ የኢንዱስትሪ ንጽህና ባለሙያዎች ማኅበር ከሚሊዮን 100 ፈቀደ። በ1971 የአገሪቱ ሕግ 10 አደረገው።

እዚህ ላይ ሙዛፈር አክሶይ ይመጣል፤ የኢስታንቡል የደም ሐኪም። የከተማዋ ጫማ ሰፊዎች ከ1950ዎቹ ማብቂያ ገደማ ጀምረው አየር በማይገባባቸው ጠባብ ክፍሎች ቤንዜን ያለበት ሙጫ ይቀቡ ነበር። ደማቸው የተመናመነ፣ ቆይቶም ካንሰር የያዛቸው ሰዎች ወደ አክሶይ ይመጡ ጀመር። እሱም ሥራችሁ ምንድን ነው ብሎ እየጠየቀ ቆጠረ። በ1974 ያሳተመው ጽሑፍ ከ28,500 ገደማ ጫማ ሠራተኞች 26ቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የደም ካንሰር ወይም ወደዚያው የሚያመራ ሕመም እንደያዛቸው አሳየ፤ በዓመት ከ100,000 ሰው 13 ማለት ነው። በሌላው ሕዝብ 6 ነበር።

ተቺዎች ሁለት ነገር ያነሳሉ። አንደኛ፣ የሠራተኞቹ ጠቅላላ ቁጥር በጥብቅ ቆጠራ የተገኘ አይደለም። ሁለተኛ፣ በክፍሎቹ የተለካው መጠን እስከ 650 ስለሚደርስ ስለ 10 የሚነግረን የለም። ሁለተኛው ከባድ ነው። በመጀመሪያው ላይ ግን የሕመምተኞቹም ቆጠራ ጎዶሎ መሆኑ ወደ ሐኪሙ ያዘነብላል፦ መዝገብ በሌለበት ሙያ ሌላ ቦታ ታክሞ ወይም ቤቱ ሆኖ የሞተ ሰው ስለማይቆጠር፣ 26 ቢያንስ እንጂ የሚበዛ አይመስልም።

በ1977 የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የአክሶይን ጥናት ከሌሎች ጋር ጠቅሶ ጣሪያውን ወደ 1 ሊያወርድ ተነሳ። የነዳጅ ኩባንያዎች ማኅበር ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁላይ 1980፣ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ በ10 ላይ ጉልህ አደጋ እንዳለ አላሳያችሁም ብሎ ደንቡን ሻረው። ያው 1 ተመልሶ ሕግ የሆነው በ1987 ነው። በኢስታንቡል ግን ሙጫው ሲለወጥ፣ ፍርድ ቤት ሳይጠበቅ፣ በ1970ዎቹ ሕመምተኛው ቀነሰ።

የኛው ማስቲሽስ? ኢትዮጵያ የሥራ ደኅንነትን የሚመለከተውን የዓለም ሥራ ድርጅት 155ኛ ስምምነት በ1991 ተቀብላለች። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይህኛው በእኛ አቆጣጠር) አሠሪው ሠራተኛውን ከኬሚካል አደጋ እንዲጠብቅ ያዛል፤ ቁጥሩን ግን ራሱ አይጠቅስም። ከ2014 ጀምሮ ጫማ፣ ጓንትና ልብስ በሚሰፋበት በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሰፊ ሼድ ውስጥ አየር ማስወጫ መግጠም ይቻላል። ገርጂ መንገድ ዳር ተቀምጦ ሶል የሚለጥፈው ጫማ ጠጋኝ ደግሞ ቢያንስ ነፋስ አለው። የሚያሰጋው በሁለቱ መካከል ያለው፣ በር ዘግቶ የሚሠራው ትንሽ ወርክሾፕ ነው።

ቤንዜን የሌለበት ሙጫም ከአደጋ ነጻ አይደለም፤ በ1960ዎቹ በጃፓን የሰንደል ሠራተኞችን እጅና እግር ያሰነፈው ሄክሴን የተባለው ማሟሟያ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት የቤንዜንን ጣሪያ ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ 0.2 እንዲሆን ወስኗል። በ1946 ከሚሊዮን 100 የፈቀደው የአሜሪካ ማኅበር አሁን የሚመክረው 0.02 ነው።