ምስክሩና መማሪያ ክፍሉ፦ የታሪክ ሥርዐተ ትምህርት ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ

ስለ ታሪክ ትምህርት አቀራረጽ በተነሣ ቍጥር ክርክሩ ፈጥኖ ወደ አንድ ጥያቄ ያዘነብላል፤ የማን ታሪክ ይግባ፣ የማንስ ይቅር? ጥያቄው እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። ይሁን እንጂ ከእርሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ ያለ ይመስለኛል። ተማሪው ያለፈውን ዘመን በየትኛው ማስረጃና በየትኛው ቋንቋ ይመርምረው? ይህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን በምዕራብ ጎጃም፣ በተለይም ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው አገር አስደግፎ ያነሣዋል። አካባቢው የተመረጠው ከሌላው የበለጠ ታሪክ ስላለው ሳይሆን፣ እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ምስክሮች በአጭር መንገድ ላይ ተቀራርበው ስለሚገኙበት ነው።

በቅድሚያ መማሪያው ራሱ የመጣበትን መንገድ ባጭሩ እንመልከት። ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ በትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ያገለገሉት የተክለ ጻድቅ መኵሪያ መጻሕፍት ናቸው። በእነርሱ ውስጥ ዘመን የሚቈጠረው በነገሥታት ስም ነው። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የነገሥታቱን ቦታ መደብ ወሰደው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ሌላ አቅጣጫ አመጣ፤ በመጀመሪያ ደረጃ ታሪክ ራሱን የቻለ ትምህርት መሆኑ ቀርቶ በኅብረተሰብ ትምህርት ውስጥ ተጠቃለለ። በሁለተኛ ደረጃ ግን ታሪክ ለብቻው፣ ያውም በእንግሊዝኛ መሰጠቱ ቀጠለ። በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ መዋል የጀመረው አዲሱ ሥርዐተ ትምህርትም ይህን አልለወጠም። በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ለዩኒቨርሲቲ ጀማሪዎች የጋራ ትምህርት ይሁን ሲባል የተነሣው ውዝግብም ያተኰረው በአብዛኛው በይዘቱ ላይ ነበር። ስለ ቋንቋውና ስለ ማስረጃው እምብዛም አልተነሣም።

የዚህ ውጤት ምንድን ነው? የቡሬ ልጅ ለማመዛዘን በሚደርስበት ዕድሜ፣ ማለትም በዘጠነኛና በዐሥረኛ ክፍል፣ ስለ አገሩ የተጻፈው ዋናው ማስረጃ ካለበት ቋንቋ በታሪክ ክፍለ ጊዜ ይለያያል። አማርኛውን የአማርኛ መምህር ይይዘዋል፤ ታሪኩን የታሪክ መምህር ይወስደዋል። ሁለቱ የሚገናኙት በመምህራን ማረፊያ ክፍል ብቻ ነው።

ለምሳሌ አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራን እንውሰድ። ከአባይ ማዶ ከኦሮሞ ወገን ተወልደው፣ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት አድገው፣ የጎጃምን ታሪክና ትውልድ በአማርኛ የጻፉ ሊቅ ናቸው። ድርሳናቸው በግርማ ጌታሁን አዘጋጅነት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሞ ወጥቷል። አሁን አንድ መምህር ስለ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ያስተምራል እንበል። መማሪያው ንጉሠ ነገሥቱን በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ስለ አገራቸው የወደቁ ብሎ ያቀርባቸዋል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን በዚያው ዓመት፣ ከመተማ በፊት፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከምኒልክ ጋር መክረውብኛል ብለው ወደ ጎጃም ዘምተው አገሩን እንዳጠፉም ይታወቃል። ክፉ ቀን የሚባለው ረኀብም በዚያው ዘመን ነበር። ተማሪው ከአያቱ የሰማው ሁለተኛውን፣ ከመጽሐፉ ያነበበው የመጀመሪያውን ቢሆን ምን ያድርግ? አንዱን መጣል ቀላል ነው። የሚከብደውና የሚጠቅመው ግን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ነው፦ በጎጃሙ ንጉሥ ቤት ያደገ ጸሐፊ ለማን ያደላል? የአክሱምና የመቀሌ ተማሪስ ይህንኑ ምንባብ ቢያነብ ምን ይላል?

ስለ 1933 ዓ.ም. ብዙ ማለት አያስፈልግም። በዚያ ዓመት የካቲት መጨረሻ ላይ በሺህ የሚቈጠረው የቡሬ የኢጣሊያ ጦር፣ በቍጥር እጅግ ያነሰውን የዊንጌትን የጌዴዎን ጦርና በዙሪያው ያሉትን አርበኞች ፈርቶ ምሽጉን ለቆ ወደ ደምበጫ ሸሸ። ንጉሠ ነገሥቱም መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። የቀድሞዋ ወጀት ፍኖተ ሰላም የሚለውን ስም ያገኘችው ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ነው ይባላል። ይህ ሁሉ ለድል በዓል የተመቸ ትረካ ነው። ነገር ግን በዚያው ጊዜ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ከኢጣሊያ ጐን ቆመው ደብረ ማርቆስ ነበሩ፤ ለባንዳነት ያደረም ለአርበኝነት የዱር ያደረም ከአንድ ደብር የወጣ ወንድማማች ሊሆን ይችላል። የኅብረተሰብ ትምህርት ይህን አይነካም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያከራክረው የ1960 ዓ.ም. የገበሬዎች ዐመፅ ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ግብሩን ከምርቱ ላይ ለማስከፈል ያለመ ነበር። የጎጃም ባላገር ግን በገማቹ ጀርባ ቃላድ ጣዩን አየ፤ ቃላድ ከመጣ ደግሞ ርስቱ ማለቁ ነው ብሎ ሰጋ። ደጋ ዳሞት፣ ሞጣና ቢቸና ሸፈቱ። መንግሥት በአየር ኃይል እስከ መደብደብ ደርሶ በመጨረሻ አፈገፈገ፤ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቈ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፉም ተሰረዘ። ይህን ምን እንበለው? በመደብ ትግል ዐይን ያዩት የአብዮት ዋዜማ አደረጉት። ገብሩ ታረቀን የመሰሉ ተመራማሪዎች ግን በትናንሽ ባላባቶች መሪነት ነባሩን የርስት ሥርዐት ለመጠበቅ የተደረገ፣ ወግ አጥባቂ እንቅስቃሴ መሆኑን አሳይተዋል። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፤ ሆኖም ተማሪው የእኔን ዝንባሌ እንዲሸመድድ አልሻም።

እዚህ ላይ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ድርሻ ይመጣል። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚሄድ መንገደኛ ማንኩሳን ያልፋል። የበዛብህ ወላጆች፣ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ፣ የኖሩባት ማንኩሳ ናት። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም.፣ ከዐመፁ ሁለት ዓመት ቀድሞ ነው። በልቦለዱ ውስጥም በአበጀ በለው የሚመሩ ገበሬዎች ፊታውራሪ መሸሻ ከልማድ በላይ የጠየቋቸውን አንሰጥም ብለው ይነሣሉ። ተማሪው ሁለቱን አገናኝቶ «ደራሲው ተነበዩ» ቢል እንዳይፈረድበት፤ ብዙዎቻችን ብለነዋል። ግን ልቦለዱ የሚተርከው ስለ ቀደመ ዘመን ነው። የጻፉትም የቀድሞ አርበኛ፣ የኢጣሊያ እስረኛ፣ ኋላም የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አምባሳደር የነበሩ ሰው ናቸው። ስለዚህ መጽሐፉ የ1960 ዓ.ም. ማስረጃ ሊሆን አይችልም። አንድ የተማረ ጎጃሜ ባለሥልጣን በ1950ዎቹ ስለ ጌታና ጭሰኛ ምን ያስብ እንደነበር ግን ይመሰክራል። በልቦለዱ ገበሬው የተነሣው በጕልተኛው ላይ ነው፤ በ1960 ዓ.ም. ግን ከትናንሽ ባላባቶቹ ጋር ሆኖ በመንግሥት ላይ ተነሣ። ይህን ልዩነት በራሱ ያገኘ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ የታሪክን ሙያ ግማሹን ተምሯል ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ሐሳቤ ቀላል ነው። በሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መርሐ ትምህርት ውስጥ በየመንፈቁ ጥቂት ሳምንታት ለአካባቢ ማስረጃ ይሰጥ፤ ምንባቡ በተጻፈበት ቋንቋ ይነበብ፤ የአማርኛና የታሪክ መምህራን አብረው ያዘጋጁት። በሌላው ክልልም በአካባቢው ቋንቋ እንዲሁ ይሁን። ይህ ጎጠኝነትን ያመጣል የሚሉ አሉ። ስጋታቸው መሠረት የለውም አልልም፤ ግን የጎጃምን ታሪክ የጻፈው ከአባይ ማዶ የመጣ ሰው መሆኑን ያየ ተማሪ ለጎጠኝነት የሚመች አይመስለኝም። ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራኝ ፈተናው ነው። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምርጫ ብቻ እስከ ሆነ ድረስ ምንባብ የሚያመዛዝን ተማሪ በቤቱ ሊቅ፣ በፈተናው ወዳቂ ነው። መምህሩም ይህን ስለሚያውቅ ወደ መልስ ማስያዝ ይመለሳል። ስለዚህ ፈተናው አብሮ ካልተለወጠ የመጽሐፉ መለወጥ ብዙም አያራምድም።

ሥራው የሚጀመረው ግን ፈተናው እስኪለወጥ ተጠብቆ መሆን የለበትም። ከምስክሮቹ አንደኛው ወረቀት ላይ የለምና። በ1960 ዓ.ም. ሃያ ዓመት የሞላው የደጋ ዳሞት ገበሬ ዛሬ ሰማንያውን እየተቃረበ ነው። ስለ ገማቹ፣ ስለ አውሮፕላኑና በዚያ ጊዜ ስለ ተፎከረው ፉከራ የሚጠየቀው በአማርኛ ነው፤ ደብተርና እርሳስ ይዞ ሊጠይቀው የሚችለውም በቅርብ ያለው ተማሪ ነው።