«ጌት» እና የአማርኛ ባዕድ መነሻዎች

እንግሊዝኛ የሚማር አማርኛ ተናጋሪ «ጌት» የተባለውን ግስ መጀመሪያ የሚያውቀው «አገኘ» በሚለው ትርጉሙ ነው። ፍቺው ትክክል ነው፤ ሥራ፣ ደመወዝ ወይም መልስ ለማግኘት ያገለግላል። ችግሩ ተማሪው «ኢት ጎት ዳርክ»፣ «ሂ ጎት ፋየርድ»፣ «ሺ ጎት ኸር ካር ዎሽድ» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች ሲገጥሙት ይጀምራል። የመጀመሪያው «ጨለመ»፣ ሁለተኛው «ከሥራ ተባረረ»፣ ሦስተኛው «መኪናዋን አሳጠበች» ማለት ነው። በአንዳቸውም ውስጥ «አገኘ» የለም። ተማሪውም ከመዝገበ ቃላት አንድ በአንድ እየለቀመ ለመሸምደድ ይገደዳል።

ከእነዚህ አገባቦች አብዛኞቹ ግን በአማርኛ ዘንድ ሥርዓት አላቸው። እንግሊዝኛ በ«ጌት» የሚሠራውን አማርኛ በግሱ በራሱ ቅርጽ፣ በተለይም «ተ» እና «አስ» በሚባሉት ባዕድ መነሻዎች ይሠራዋል። ስለዚህ ቃሉን እንደ ፍቺ ዝርዝር ሳይሆን እንደ ሰዋስው መሣሪያ ማስተማር ይቀላል።

«ጌት» ለእንግሊዝኛ መጤ ቃል ነው። ከ9ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በሰሜንና በምሥራቅ እንግሊዝ የሰፈሩት ስካንዲኔቪያውያን ይናገሩት ከነበረው ጥንታዊ ኖርስ የተወረሰ ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ ጽሑፎች የሚታየው ከ1200 ገደማ ወዲህ ነው። የኖርሱ መልክ «ጌታ» ይባላል፤ ከአማርኛው ጌታ ጋር ግን የድምፅ መገጣጠም እንጂ ዝምድና የለውም። ጥንታዊ እንግሊዝኛም ያንኑ ሥር «ፎርጌት»ን በመሰሉ ጥምር ግሶች ውስጥ ይዞት ነበር፤ በዚያ ዘመን ግን የሥሩ መነሻ ፊደል «ጂ» ወደ «የ» በሚቀርብ ድምፅ ይነበብ ነበር። የዛሬው ጠንካራ «ገ» የኖርስ አሻራ ነው። ትርጉሙም መያዝና ማግኘት ከሚለው ተነስቶ ወደ መድረስ፣ ከዚያም ወደ መሆን ሰፋ።

ይህ «መሆን» የመጀመሪያው ዐቢይ አገባብ ነው። እንግሊዝኛ ቅጽልን ወደ ለውጥ ለማሸጋገር ረዳት ይፈልጋል፤ አማርኛ ደግሞ መሸ፣ ረጠበ፣ ቀዘቀዘ፣ ወፈረ፣ አረጀ ብሎ በአንድ ግስ ይጨርሰዋል። የጊዜ ልዩነቱም ይገጥማል። «አይ አም ሃንግሪ» «ርቦኛል» ነው፤ «አይ አም ጌቲንግ ሃንግሪ» ግን «እየራበኝ ነው»። ልብ የሚባለው የባለቤቱ መገለባበጥ ነው። በአማርኛ «ጉንፋን ያዘኝ» ሲባል ባለቤቱ ጉንፋኑ፣ ተሳቢው ታማሚው ነው፤ «ራበኝ» እና «ደከመኝ» ላይም ተናጋሪው ተሳቢ ሆኖ ይቀራል። እንግሊዝኛው «አይ ጎት ኤ ኮልድ» ሲል ታማሚውን ባለቤት ያደርገዋል። ተማሪው ይህን መገለባበጥ ካላየ ዓረፍተ ነገሩን ከማን እንደሚጀምር ይቸገራል። አንድ ገደብም አለ፦ «መሆን»ን ሲገልጽ «ጌት»ን የሚከተለው ቅጽል እንጂ ስም አይደለም። «ሐኪም ሆነ» ለማለት «ቢኬም» ያስፈልጋል።

ሁለተኛው አገባብ የተደራጊ ግስ ነው፤ የአማርኛው «ተ» መሆኑ ነው። ተማሪው «ዎዝ»ን አስቀድሞ ስለሚያውቅ «ጎት» ምን ጨመረ ብሎ ይጠይቃል። መልሱ «ዘ ዊንዶ ዎዝ ብሮክን» በሚለው ዓረፍተ ነገር ላይ ይታያል። ይህ «መስኮቱ ተሰብሮ ነበር» ተብሎ ሁኔታን፣ ወይም «መስኮቱ ተሰበረ» ተብሎ ክስተትን ሊገልጽ ይችላል። በ«ጎት» ሲተካ ሁለተኛው ብቻ ይቀራል። በጋብቻም እንዲሁ ነው፤ «ዜይ ወር ማሪድ» ባለትዳር መሆናቸውን ሊያመለክት ይችላል፣ «ዜይ ጎት ማሪድ» ግን «ተጋቡ» ብቻ ነው። አገባቡ በባለቤቱ ላይ ለደረሰ ጉዳት ወይም ዕድል ይስማማል፦ ተባረረ፣ ታሰረ፣ ተዘረፈ፣ ተሾመ። ድርጊት የሌለባቸውን ግሶች ግን አይቀበልም፤ «መልሱ ታወቀ» የሚለውን በ«ጎት» የተረጎመ ተማሪ ለእንግሊዝኛ ጆሮ የማይጥም ዓረፍተ ነገር ይጽፋል።

ሦስተኛው «አስ» ነው። «መኪናዬን አሳጠብኩ» ለማለት «አይ ጎት ማይ ካር ዎሽድ» ይባላል። ባለጉዳዩ ሥራውን በሌላ ሰው አሠርቷል። እዚህ ላይ አማርኛው ከእንግሊዝኛው ይልቅ ጅምላ ነው። «አስፈረምኩት» ሲባል ተገድዶ ይፈርም፣ ታዝዞ ይፈርም ወይስ ተለምኖ፣ ግሱ አይለይም። እንግሊዝኛ ሦስት ቦታ ይከፍለዋል፦ በ«ሜክ» ግዴታ፣ በ«ሃቭ» ትእዛዝ ወይም አገልግሎት፣ በ«ጌት» ደግሞ ማግባባት ወይም ጥረት ይገለጻል። በሰዋስውም «ጌት» ብቻውን ይለያል፤ ሥራውን የሚሠራው ሰው ሲጠቀስ ከእርሱ በኋላ በሚመጣው ግስ ፊት «ቱ» ይገባል፣ ከሁለቱ በኋላ ግን አይገባም። ይህን «ቱ» መጣል የተለመደ ስሕተት ነው።

በብሪታንያና በአሜሪካ መካከል ያለው ልዩነት በተለይ አሜሪካ የሚኖሩ ተማሪዎችን ይመለከታል። በሁለቱም አገር «አይቭ ጎት ኤ ካር» «መኪና አለኝ» ማለት ነው። አሜሪካዊው «አይቭ ጎተን ኤ ካር» ካለ ግን መኪና ማግኘቱን ወይም መግዛቱን እየተናገረ ነው። «ጎተን» የአሜሪካ ፈጠራ አይደለም፤ በ1611 በታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ሔዋን ቃየንን በወለደች ጊዜ በተናገረችው ቃል ውስጥ ይገኛል። ብሪታንያ ውስጥ ከተለመደው ንግግር እየወጣ ሲሄድ አሜሪካ ውስጥ ጸና።

በጽሑፍ ደረጃ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ጌት» የንግግርና የወዳጅ ደብዳቤ ቃል ነው፤ በሥራ ማመልከቻና በምርምር ጽሑፍ ውስጥ «ሪሲቭ»፣ «ኦብቴይን»፣ «ቢካም» ቦታውን ይወስዳሉ፤ የተደራጊ ግሱም በ«ዎዝ» ይጻፋል።

ዎልፍ ሌስላው በ1973 በቪስባደን ያሳተመው የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ቃላትን በዓረፍተ ነገር ውስጥ እያስገባ መተርጎምን የመረጠ ነው። ለ«ጌት» ይህ መንገድ ይበጃል፤ መምህሩም ምሳሌዎቹን በአማርኛው ግስ ቅርጽ ቢመድባቸው ተማሪው ደንቡን በቀላሉ ያየዋል። «አጠበ» ለዚህ ይበቃል። «ዎሽድ» ብቻውን ሲቆም «አጠበ» ነው። «ዘ ካር ጎት ዎሽድ» ሲባል መኪናው ከ«ጎት» በፊት ስለመጣ «ታጠበ» ይሆናል፤ «ሺ ጎት ዘ ካር ዎሽድ» ሲባል መኪናው በ«ጎት» እና በ«ዎሽድ» መካከል ስለገባ «አሳጠበች» ይሆናል።