የሐረማያ ሐይቅና ዩኒቨርሲቲው

የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ደጋ ላይ ይገኛል። ከጎኑ ያለው ሐይቅ ለሐረር ከተማ፣ ለአካባቢው ገበሬና ለዩኒቨርሲቲው የሕይወት ምንጭ ሆኖ ኖሯል።

ተቋሙ የተመሠረተው ኢትዮጵያና አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1952 ባደረጉት ስምምነት ነው። የማቋቋሙን ሥራ የተረከበው የኦክላሆማ የእርሻና የሜካኒካል ኮሌጅ ሲሆን፣ ትምህርቱ መጀመሪያ በጅማ ከተሰጠ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1956 ያኔ ዓለማያ ትባል ወደነበረችው ሐረማያ ተዛወረ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኮሌጁን በይፋ የመረቁት እ.ኤ.አ. በ1958 ነበር። ከኦክላሆማ የተወሰደው አሠራር ማስተማርን፣ ምርምርንና የእርሻ ኤክስቴንሽንን በአንድ ተቋም ያጣመረ ስለነበር፣ የአገሪቱ የኤክስቴንሽን አገልግሎት እስከ እ.ኤ.አ. 1963 ድረስ በኮሌጁ ሥር ቆየ። በዚያ ዓመት ግን ለእርሻ ሚኒስቴር ተላለፈ። መምህሩን ከገበሬው ማሳ ጋር ያገናኝ የነበረው መደበኛ ድልድይ ያን ጊዜ ተነሣ፤ ይህ ውሳኔ የኋለኛውን ዘመን ያስከፈለው ዋጋ ቀላል አልነበረም።

ምርምሩ ግን ፍሬ አፍርቷል። የሐረርጌ ገበሬ ዋና እህል ማሽላ በመሆኑ የማሽላ ማሻሻያ ሥራ በዚያ ሥር ሰደደ። እ.ኤ.አ. በ1973 ከኮሌጁ የተመረቁት ገቢሳ እጀታ ድርቅንና አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም በሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች ላይ ባካሄዱት ምርምር የእ.ኤ.አ. 2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሸልመዋል። የአየር ንብረት ለውጥ የዕለት ወሬ ከመሆኑ አስቀድሞ ድርቅን የሚቋቋም ዘር የሚያስቡ ሰዎች ከዚህ ግቢ ይወጡ ነበር ማለት ነው።

ሐይቁ በዚሁ ዘመን ሌላ ታሪክ ነበረው። የሐረር ነዋሪ ለአሥርት ዓመታት የጠጣው ከእርሱ የተሳበውን ውኃ ነው። በዙሪያው ያሉት ተዳፋት መሬቶች ደን እየተመነጠረባቸው ለእርሻ ሲውሉ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ አፈሩን እየጠረገ ወደ ሐይቁ አስገባ። ደለል የሞላው ሐይቅ ጥልቀቱን ያጣል፤ ጥልቀት የሌለው ውኃ ደግሞ ፀሐይ ቶሎ ያሞቀዋል፣ በትነትም ብዙ ይጠፋል። በዚህ ላይ ጫት ተስፋፋ። ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይቀጠፋል፤ በመስኖ ያለማው ገበሬ በበጋ፣ ቅጠሉ ውድ በሆነበት ወቅት፣ ወደ አወዳይ ገበያ ያወጣዋል፤ ከዚያም በዚያው ቀን ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሌላንድ ይጫናል። እንዲህ ያለ ገቢ የያዘ ገበሬ የውኃ መሳቢያ ሞተር ቢገዛ አይፈረድበትም። ሐይቁ በሸሸ ቁጥር ሞተሩና ቱቦው ተከተሉት። ማንም ግን ለሁሉም የሚበቃውን ልክ አልቆረጠም።

እ.ኤ.አ. በ1985 ራሱን የቻለ የግብርና ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም በተከታዮቹ ዓመታት የጤናና የመምህራን ትምህርትን ጨምሮ ሰፋ፤ ተማሪው ሲበዛ የግቢው የውኃ ፍጆታም አደገ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ። ወለሉ ላይ ከብት ተሰማራ፤ ገበሬዎችም እዚያው ጉድጓድ ቆፍረው የቀረውን የከርሰ ምድር ውኃ መሳብ ቀጠሉ። የአፈርና የውኃ ጥበቃ በሚያስተምር ተቋም ደጅ ይህ መድረሱ ከባድ ኪሳራ ነው። ሐረር በበኩሏ ውኃ ፍለጋ ወደ ድሬዳዋ ቆላ ወረደች። ከዚያ የሚወጣው የጉድጓድ ውኃ በኤሌክትሪክ ኃይል እየተገፋ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ዳገት ይወጣል፤ በጎረቤት የነበረው ሐይቅ ሲጠፋ የከተማዋ የውኃና የኃይል ወጪ አብሮ ናረ።

የሐይቁ መድረቅ ለተመራማሪዎች መነሻ ሆነ። መምህራንና ተመራቂ ተማሪዎች የደለሉን፣ የመሬት አጠቃቀሙንና የመስኖውን ድርሻ አጠኑ፤ አብዛኞቹ ጥናቶች ከዝናብ ማነስ ይልቅ የሰው እጅ እንደከበደ ያመለክታሉ። ዩኒቨርሲቲው ከአካባቢው አስተዳደርና ከገበሬዎች ጋር በተፋሰስ ሥራ ተሰለፈ፦ በዳገቱ ላይ እርከን መሥራት፣ ቦረቦሩን በክትር መዝጋት፣ ችግኝ መትከል። ከአሥር ዓመት በላይ ደርቆ ከቆየ በኋላ፣ ጥሩ ዝናብም ታክሎበት፣ ውኃው ወደ ሐይቁ ተመለሰ።

የዩኒቨርሲቲዎች የአካባቢ ጥበቃ ሥራ በግቢ ውስጥ ዛፍ በመትከልና አምፖል በመለወጥ ሲለካ ከሐረማያ የሚገኘው ትምህርት ይዘለላል። ግቢው የሚጠጣው ውኃ የሚወሰነው ከአጥሩ ውጭ፣ በጫት ማሳውና በተራቆተው ዳገት ላይ ነው። የሚሳበው ውኃ በስምምነት እስካልተገደበና ተዳፋቱ ተሸፍኖ እስካልቆየ ድረስ የሐይቁ መመለስ ዋስትና የለውም። ውኃውን በየወቅቱ ለክቶ፣ ልኩን ለገበሬውም ለከተማውም የማሳወቁ ኃላፊነት ደግሞ ከማንም በፊት የዩኒቨርሲቲው ነው።