መጽሐፉ ክብ ሲሆን ከየት ይጀመራል?

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከኦሎምፒክ ቡሌቫርድ ወደ ደቡብ የምትወርደውን አጭር መንገድ የከተማው ምክር ቤት በ2002 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ) «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሟታል። እዚያ በየጓዳው ሊጥ ይቦካል። ከትናንቱ ሊጥ የተረፈው እርሾ ለዛሬው ይጨመራል፣ ከዛሬው ደግሞ ለነገ ይቀመጣል። ሊጡን ከሚያቦኩት ጥቃቅን ፍጥረታት መካከል የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች እንደሚገኙበት ብርሃኑ ጋሼ በ1985 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል። እያንዳንዷ ባክቴሪያ ለሁለት ከመከፈሏ በፊት ዲኤንኤዋን አንድ ጊዜ፣ ሳታጎድልና ሳትደግም፣ መቅዳት አለባት። ከየት ትጀምራለች? ጀምሪ የሚላትስ ማነው?

የቅጂው ታሪክ ትልቅ ምዕራፍ የተጻፈው ከፌርፋክስ ብዙም ሳይርቅ፣ ፓሳዴና ውስጥ በሚገኘው ካልቴክ ነው። ማቲው ሜሰልሰንና ፍራንክሊን ስታል ኢ. ኮላይ የተባለውን የአንጀት ባክቴሪያ ከባድ ናይትሮጅን እየመገቡ ለ14 ትውልድ አሳደጉት። ከዚያ ምግቡን በድንገት ወደ ተራው ናይትሮጅን ለወጡና የየትውልዱን ዲኤንኤ በኃይል በሚሽከረከር መሣሪያ እየለዩ ክብደቱን ተመለከቱ። ከአንድ ትውልድ በኋላ ዲኤንኤው ሁሉ መካከለኛ ክብደት ይዞ ተገኘ። እርሾ ከአዲስ ሊጥ ጋር ተዋሕዶ ይጠፋል፤ የዲኤንኤ አሮጌ ክር ግን እንዳለ ይቀራል፣ አዲሱም ጎን ለጎን ይሠራበታል። ውጤቱ በ1958 ታተመ። ቅጂው እንዴት እንደሚወጣ ታወቀ፤ መቼና ከየት እንደሚጀመር ግን ገና ነበር።

በ1963 ፍራንስዋ ዣኮብ፣ ሲድኒ ብሬነርና ፍራንስዋ ኩዛን አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ዲኤንኤው ላይ የተለየ ቦታ አለ፣ ያንን ቦታ የሚያውቅ ፕሮቲንም አለ፣ ፕሮቲኑ ቦታውን ሲይዝ ቅጂው ይጀመራል አሉ። በዚያው ዓመት ጆን ኬርንስ የኢ. ኮላይ ዲኤንኤ ክብ መሆኑን በምስል አሳየ። ሁለቱን ማያያዝ ተገቢ ነው። ከፌርፋክስ ወደ ምዕራብ፣ በዩሲኤልኤ ቤተ መጻሕፍት ከተቀመጡት የግዕዝ ብራናዎች አንዱን የገለጠ ሰው ከየት እንደሚጀመር አይጠፋውም፤ ቁም ጸሐፊው የመክፈቻውን መስመሮች በቀይ ቀለም ጽፎለታል። ክብ መጽሐፍ የፊት ገጽ የለውም። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ያለ ቀይ ቀለም አይቀዳም።

የኢ. ኮላይ ዲኤንኤ 4.6 ሚሊዮን ያህል ጥንድ ፊደል አለው፤ «ቀይ ቀለሙ» ከዚህ ውስጥ የያዘው 245ቱን ብቻ ነው። በዚያ ቦታ ዘጠኝ ዘጠኝ ፊደል ያላቸው ምልክቶች ተደጋግመው ተጽፈዋል። ምልክቶቹን የሚያውቀው አስጀማሪ ፕሮቲን ዲኤንኤ-ኤ ይባላል። ኤቲፒ የተባለውን የሕዋስ ስንቅ ሲይዝ እርስ በርሱ እየተያያዘ ይደረደራል፣ አጠገቡ ያለውንና በቀላሉ የሚላቀቀውን ክፍል ይከፍታል። ቀጥሎ ክሮቹን እየለያየ የሚሄደው ሞተር፣ ዲኤንኤ-ቢ፣ ይመጣል። ይህ ሞተር ቀለበት ነው፤ ክሩ ላይ የሚያጠልቀው ጫኝ ያስፈልገዋል፣ እሱም ዲኤንኤ-ሲ ነው። ሁለት ሞተሮች ይጫኑና በተቃራኒ አቅጣጫ ይነሣሉ፣ ከክቡ ማዶም ይገናኛሉ።

ከመጀመር ይልቅ የሚከብደው በስሕተት ሁለተኛ ጊዜ አለመጀመር ነው። አዲሱ ክር ገና የሜቲል ምልክት አልተደረገበትም፤ ሴክ-ኤ የተባለ ፕሮቲን ይህን ይለይና ቦታውን ለጥቂት ጊዜ ሸፍኖ ይይዛል። አስጀማሪውም ስንቁን እንዲጨርስ ይደረጋል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን እንደሆነ የሰዓቱ ስሌት ይነግራል። ምግብ የተትረፈረፈለት ኢ. ኮላይ በ20 ደቂቃ ይከፈላል፤ ዲኤንኤውን ለመቅዳት ግን 40 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ስሌቱን ያስታረቁት ስቲቨን ኩፐርና ቻርልስ ሄልምስተተር ናቸው፣ በ1968። አንዱ ዙር ሳያልቅ ሌላው ይጀመራል፤ እናት ገና ሳትከፈል የልጅ ልጆቿ ቅጂ ተጀምሯል።

የዘር ፊደሉ ከባክቴሪያ እስከ ሰው አንድ ስለሆነ መቅጃውም ከአንድ ምንጭ የመጣ ይመስላል። በ1999 ዴትሌፍ ላይፔ፣ ኤል. አራቪንድና ዩጂን ኩኒን ዲኤንኤ መቅዳት ሁለት ጊዜ ለየብቻ ተፈጥሮ ይሆን ወይ ብለው ጠየቁ። ፊደል የሚደረድሩት ዋና ኤንዛይሞችና ክር የሚለያዩት ሞተሮች በባክቴሪያና በሰው ዘንድ የቅርብ ዝምድና የላቸውም። የባክቴሪያው ሞተር በአንደኛው ክር ላይ ይሄዳል፣ የእኛው በሌላኛው። የሚገርመው አስጀማሪዎቹ መዛመዳቸው ነው፤ ዲኤንኤ-ኤ እና የሰው ሕዋስ አስጀማሪ ከአንድ ሰፊ የፕሮቲን ቤተ ሰብ ይወለዳሉ።

በባክቴሪያዎቹ መካከልም ቢሆን ኢ. ኮላይ የሁሉ አባት አይደለም። ጫኙ ዲኤንኤ-ሲ ባክቴሪያን ከሚያጠቁ ቫይረሶች ተወስዶ የለመደ እንግዳ ነው። ፒየር ብሬዜሌክና ባልደረቦቹ በ2016 እንዳሳዩት በብዙ ባክቴሪያዎች ዘንድ ያለው ጥንታዊ ጫኝ ዲሲአይ-ኤ የተባለ ሌላ ፕሮቲን ነው። የእርሾው የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች የባሲለስ ዘመዶች ናቸው፤ ሴክ-ኤ የላቸውም፣ ጫኛቸውም ሌላ ነው፣ እሱም ከቫይረስ የመጣ። መማሪያ መጻሕፍት ግን «የባክቴሪያ አጀማመር» ብለው የሚተርኩት የኢ. ኮላይን ነው።

የብራና ሊቃውንት ይህን ችግር ያውቁታል። ሙሉው መጽሐፈ ሄኖክ የተረፈው በግዕዝ ነው፤ ከቅጂዎቹ የሚበዙት ከኋለኛው ቤተ ሰብ ናቸው። የቀደመውን ንባብ የያዙት ጥቂቶች ናቸው፣ ከእነሱም አንዱ በጣና ክብራን ገብርኤል የተገኘው የ15ኛው መቶ ዘመን ብራና ነው። ማይክል ኒብ በ1978 ሲያሳትም መሠረት ያደረገው ማንቸስተር ያለውን የኋለኛውን ቤተ ሰብ ብራና ነው፤ ልዩነቶቹን ግን በኅዳግ አስፍሯል። የባዮሎጂ መማሪያ ኅዳግ የለውም። በብዛት የተጠናው ቅጂ፣ ማንም ሳይወስን፣ እናት ቅጂ ሆኖ ቀረ።

ሊትል ኢትዮጵያ በተሰየመችበት በዚያው በ2002 የሌላ ባክቴሪያ ዲኤንኤ ተነቦ ታተመ። ዊግልስወርዝያ ትባላለች፤ በፄፄ ዝንብ አካል ውስጥ ትኖራለች። ዝንቡ በኦሞ፣ በጊቤና በዴዴሳ ሸለቆዎች ከብቱን በገንዲ የሚፈጀው ነው፤ ያለ እሷ መራባት ያቅተዋል። ዲኤንኤዋ ተመናምኖ 700 ሺህ ፊደል ያህል ቀርቶታል። ከጎደሉት መካከል ዲኤንኤ-ኤ ራሱ፣ አስጀማሪው፣ ይገኝበታል። በ1963ቱ ሐሳብ ብንሄድ ይህ መጽሐፍ ሊጀመር የማይችል ነው። ሆኖም ይቀዳል፤ በአሥር ሚሊዮኖች ለሚቆጠሩ ዓመታት ከእናት ዝንብ ወደ ልጅ፣ በወተት እጢ በኩል፣ ሲተላለፍ ኖሯል።