የኡርቢኖ መሳፍንት ዜና፤ ስለ ባለሟሉና ስለ ወይዘሮዋ ሥርዓት

የጥንቱ የግሪክና የሮም ጥበብ ዳግመኛ በተነሣበት፣ የህዳሴ ዘመን በሚባለው ጊዜ፣ በመካከለኛው ኢጣሊያ በማርኬ ኮረብቶች ላይ በተመሠረተችው በኡርቢኖ የሞንቴፌልትሮ ወገን የሆነው ፌዴሪኮ ነገሠ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1444 ዓ.ም. ወንድሙ ኦዳንቶኒዮ በሌሊት ሁከት ከሞተ በኋላ መንበሩን ያዘ፤ ስለዚያች ሌሊት ብዙ መናገር አያሻም። ፌዴሪኮ ኮንዶቲዬሮ ነበረ፤ ይኸውም ሠራዊቱን ይዞ ለከተሞችና ለነገሥታት በደመወዝ የሚዋጋ የጦር አበጋዝ ማለት ነው። በጦር ያገኘውን ወርቅ ግን በሕንፃና በመጻሕፍት ላይ አዋለው፤ የፍሎረንሱ መጻሕፍት ነጋዴ ቬስፓሲያኖ ዳ ቢስቲቺ የላቲን፣ የግሪክና የዕብራይስጥ መጻሕፍትን እያፈላለገ በብራና አስጻፈለት፤ በዚያ ቤተ መጻሕፍት በማተሚያ የወጣ አንድም መጽሐፍ አልነበረም ሲልም በኩራት ጽፎአል። በጦር ጨዋታ ቀኝ ዓይኑን ስላጣ ሠዓሊው ፒዬሮ ዴላ ፍራንቼስካ የሣለው በግራ ፊቱ ነው፤ በዚያ ዘመን የመስፍን መልክ እንደዚህ ጎደሎው ተሰውሮ መታየት ነበረበትና።

በሥዕሉ ፊት ለፊቱ የምትታየው ሚስቱ ባቲስታ ስፎርዛ በጳጳሱ በፒዮስ ዳግማዊ ፊት በላቲን የተናገረች፣ ባሏ ሲዘምት አገር የምታስተዳድር ሴት ነበረች፤ በ1472 ዓ.ም. ወንድ ልጅ ጊዶባልዶን ከወለደች ከጥቂት ወራት በኋላ ዐረፈች፤ እግዚአብሔር ነፍሷን ይማር። በዚያው ዓመት ቮልቴራ ለፌዴሪኮ እጇን ሰጠች፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ፈጣሪ ያውቃል፤ ከዚያች ከተማ መጣ የሚባለው ግሩም የዕብራይስጥ መጽሐፍ ቅዱስም በቤተ መጻሕፍቱ ተቀመጠ።

ጊዶባልዶ በ1482 ዓ.ም. አባቱን ተካ። በ1502 ዓ.ም. ቼዛሬ ቦርጂያ ወደ ኡርቢኖ ሲገሰግስ መስፍኑ ወደ ማንቱዋ ማቅናትን መረጠ። በማግሥቱ ዓመት በነሐሴ ወር ግን የቼዛሬ አባት ጳጳሱ እስክንድር ስድስተኛ ሞተ፣ የቦርጂያም ኃይል እንደ ጉም በነነ፤ የኡርቢኖ ሰዎችም እውነተኛ ጌታቸውን በደስታ ተቀበሉ፣ የማያንቀላፋው አምላክ ለተገፉት ይፈርዳልና። መስፍኑን ሪህ ያሠቃየው ነበር። ከሚስቱ ከኤሊዛቤታ ጎንዛጋም ልጅ አልወለደም፤ ምክንያቱ በዚህ መጽሐፍ አይገባም። ትዳሩን እንድታፈርስ ብትመከርም እርሷ እምቢ ብላ እስከ ዕለተ ሞቱ አብራው ኖራለች።

ከዚህ ቤት ሥርዓት ተጻፈ። በ1504 ዓ.ም. ወደ ኡርቢኖ የመጣው ባልዳሳሬ ካስቲሊዮኔ «ባለሟሉ» በተባለው መጽሐፉ እንደሚተርከው፣ በመጋቢት 1507 ዓ.ም. ጳጳሱ ዩልዮስ ዳግማዊ በዚያ አልፎ ከሄደ በኋላ፣ መስፍኑ በሕመሙ ምክንያት በጊዜ ሲተኛ መኳንንቱ በኤሊዛቤታ እልፍኝ አራት ሌሊት ተቀምጠው ፍጹም ባለሟል ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነ ተከራከሩ። ወንዱ የዘር ጨዋ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የጦር ሰው፣ ግን የማይኩራራ፣ ላቲንና ግሪክ የሚያውቅ፣ ዜማና ሥዕል የተማረ፣ በፈረስና በትግል የሠለጠነ እንዲሆን ተጠየቀ፤ ከባላገር ጋር ግን ማሸነፉን ሳያረጋግጥ እንዳይታገል ተመከረ፣ መኳንንት ለክብራቸው ይጠነቀቃሉና። ከሁሉ በላይ ስፕሬትሳቱራ፣ ማለትም ብዙ የደከሙበትን ነገር ያለ ድካም እንደ ተሠራ አስመስሎ ማቅረብ፣ ተፈለገበት።

በሦስተኛው ሌሊት ጁሊያኖ ዴ ሜዲቺ የወይዘሮዋን ሥርዓት ደነገገ፤ ጋስፓሬ ፓላቪቺኖም ሴትን እያቃለለ ሞገተው። ወይዘሮዋ እንደ ወንዱ ፊደል፣ ዜማና ሥዕል ትወቅ፤ ነገር ግን ከበሮ መምታትና መለከት መንፋት አይገባትም፤ ጨዋታዋ የሚያስደስት፣ ንጽሕናዋ የማይጠረጠር ይሁን ተባለ። ኤሊዛቤታና ወዳጇ ኤሚሊያ ፒያ ክርክሩን ይመራሉ፣ ያዝዛሉ፣ ይሥቃሉ፤ ረጅሙን ንግግር ሁሉ ግን የተናገሩት ወንዶች ናቸው፣ ስለ ሴት በተነገረበት ሌሊት እንኳ። ባቲስታ በሕይወት ኖራ ቢሆን ምን ትል እንደ ነበር የጠየቀ የለም።

ጊዶባልዶ በ1508 ዓ.ም. ሞተ፤ ልጅ አድርጎ የተቀበለው የእኅቱ ልጅ ፍራንቼስኮ ማሪያ ዴላ ሮቬሬ ወረሰው። በ1516 ዓ.ም. ጁሊያኖ እንደ ሞተ፣ ወንድሙ ጳጳሱ ልዮን ዐሥረኛ ኡርቢኖን ከፍራንቼስኮ ማሪያ ነጥቆ ለወንድማቸው ልጅ ለሎሬንሶ ሰጠ፤ ጁሊያኖ በስደቱ ዘመን በዚያ ቤት እንጀራ የበላ እንግዳ እንደ ነበር ሁሉም ያውቅ ነበር። ኤሊዛቤታም ወደ ማንቱዋ ተሰደደች። የካስቲሊዮኔ መጽሐፍ በቬኔዚያ በአልዶ ማተሚያ ቤት የታተመው በ1528 ዓ.ም. ሲሆን፣ እርሷ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኖአት ነበር።