መርዝና መጠኑ

መርዝ ምንድን ነው ብትባሉ ምን ትመልሳላችሁ? ኮሶ በልኩ ሲጠጣ ትሉን ያስወጣል፤ ከልኩ ሲያልፍ ግን ጠጪውን ይጎዳል። እንግዲህ መድኃኒቱና መርዙ አንድ ሆኖ ሳለ የሚለየው መጠኑ ነው።

ይህን አሳብ በአውሮፓ አጕልቶ የጻፈው የስዊስ ተወላጅ የሆነው ሐኪም ፓራሴልሱስ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1538፥ መርዝ ያጠጣል ብለው ለሚከሱት ሲመልስ፥ ሁሉም ነገር መርዝነት እንዳለውና መርዝ እንዳይሆን የሚያደርገው መጠኑ ብቻ እንደ ሆነ አስረዳ።

ሆኖም ይህ መጠን በቍጥር ሳይወሰን ብዙ ዘመን አለፈ። በ1927 እንግሊዛዊው ትሬቫን፥ የእንስሳት የመቋቋም ኃይል እኩል አለመሆኑን ተመልክቶ፥ ከእነርሱ እኩሌታውን የሚገድለውን መጠን መለኪያ አደረገው።

ነገር ግን ሞትን መለካት ብቻውን አልበቃም። ታሊዶማይድ የተባለው የእንቅልፍ መድኃኒት በብዙ መጠን ሲሰጥ እንኳ አይጥን ስላልገደለ አይጎዳም ተባለ፤ ከ1957 እስከ 1961 ድረስም በጀርመን ተሸጠ። ነፍሰ ጡሮች በእርግዝናቸው መጀመሪያ ስለ ወሰዱት ግን በሺህ የሚቈጠሩ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ተወለዱ።

እርሳስ ስለተባለው ማዕድንም እንዲሁ ነው። በአሜሪካ በሕፃናት ደም ውስጥ ሲገኝ ያሠጋል የተባለው ልክ በ1960ዎቹ በዴሲሊትር 60 ማይክሮግራም ነበር፤ በ2021 ወደ 3.5 ወረደ። ማዕድኑ ያው ነው፤ የተለወጠው የሰው ዕውቀት ነው።

ስለዚህ በደንብ ላይ የሰፈረ ልክ የዚያን ዘመን ዕውቀት ልክ ነው። ደንብ አውጪውም ሆነ አስፈጻሚው «ስንት ነው?» ካለ በኋላ «ለማን? መቼ? ለስንት ጊዜ?» ብሎ ሊጨምር ይገባዋል።