ለአራስ ምን ይወሰዳል? በጉንደ ወይን አካባቢ ስላለው የአራስ ጥየቃ

ወደ አራስ ቤት ባዶ እጅን እንደማይኬድ ባገራችን የማያውቅ የለም። ምን ይዞ መሄድ እንደሚገባ ግን ሁሉም ያውቃል ለማለት አያስደፍርም፤ እኛም ካላዋቂዎቹ ወገን ሆነን ተገኝተናል። በክረምት ዕረፍት ወደ ጉንደ ወይን በሄድን ጊዜ አንዲት ዘመዳችን በወለደች በዐሥረኛው ቀን፥ አንድ ጣሳ የዱቄት ወተትና አንድ ጡጦ ገዝተን ልንጠይቃት ገባን። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለን ስጦታችንን አስቀመጥን። አራሷን የሚያስታምሙ አንዲት እማሆይ ጣሳውን አገላብጠው ካዩ በኋላ «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፤ ይኸ የሷ ነው ወይስ የሕፃኑ?» ሲሉ ጠየቁን። የሕፃኑ መሆኑን ነገርናቸው። «እንግዲያ ለሷ ምን አመጣህላት?» አሉን። የምንመልሰው አልነበረንም። ጥያቄው ከአእምሮአችን ስላልጠፋ፥ ያካባቢውን ባልቴቶች እየጠየቅንና መጻሕፍትም እያገላበጥን ነገሩን ለመመርመር ተነሣን።

ጉንደ ወይን በብቸናና በሞጣ መካከል የምትገኝ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከተማ ናት። በአጎራባቿ ሁለት ስመ ጥሩ የእመቤታችን ደብሮች፥ መርጡለ ማርያምና ደብረ ወርቅ ማርያም ይገኛሉ። ይህን የምናነሣው ያለምክንያት አይደለም። በምጥ ላይ ያለች ሴት የምትጠራው የማርያምን ስም ነው፤ ከወለደችም በኋላ ጠያቂዋ ሁሉ ሰላምታውን የሚጀምረው በዚያው ስም ነው። እንግዲህ አራስን መጠየቅ ወዳጅነትን መግለጫ ብቻ ሳይሆን ከሃይማኖት ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው።

የሥርዓቱ ልክ በቀን የተቈጠረ ነው። ወንድ ልጅ በ40፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ እናቲቱም እስከዚያ ቀን ወደ ቤተ መቅደስ አትገባም። የዚህ መሠረት በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ይገኛል፤ መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በ40፥ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት መግባታቸውን ይተርካል። አንድ ነገር ልብ እንበል። በኦሪቱ ሕግ ስጦታ የምታቀርበው ወላዲቱ ራሷ ነበረች፤ ይኸውም የአንድ ዓመት ጠቦትና አንድ ርግብ ወይም ዋኖስ፥ ድኃ ብትሆን ሁለት ዋኖሶች ወይም ሁለት የርግብ ግልገሎች ነው። ባገራችን ልማድ ግን እርሷ ተቀማጭ ሆና ጎረቤቱ ያመጣላታል። ደግሞም ወንድ ሲወለድ እልልታው ሰባት ጊዜ ነው፥ ለሴት ከዚያ ያንሳል፤ ነገር ግን ሴት ልጅ የወለደችው እናት ቀኗ እጥፍ ነው። በእልልታ የተጐዳችውን በዕረፍት ይክሳት ይሆን ብለን ባልቴቶቹን ብንጠይቃቸው ሳቁብን። የድኃ ሴት 40ውንም ሳትጨርስ እንስራ ትሸከማለች አሉን።

የሚወሰደው ነገር በአብዛኛው የሚበላ ነው። የገብስ ገንፎ መኻሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ ይፈስበታል። የአጥሚት እህል፥ ማር፥ ተልባ፥ አብሽ፥ ዶሮ፥ እንደ ቤቱም አቅም ሙክት ይመጣል። አብሹ ወተት ያወርዳል ይባላል። ከሁሉ ግን የቅቤው ነገር ያስደንቃል። አራስ ከጾም ነጻ ስለ ሆነች ረቡዕና ዓርብ፥ በዐቢይ ጾም እንኳ ቢሆን ቅቤ ትበላለች። በሑዳዴ የወለደች ሴት ዘንድ ቅቤ ይዛ የምትገባው ጎረቤት ግን በቤቷ ማንም በማይቀምሰው ወራት ለሌላይቱ ስትል አንጥራ አስቀምጣለች ማለት ነው። ይህን ያህል አስቀድሞ የታሰበ ስጦታ በከተማ ሱቅ ይገኛል ብለን አናምንም።

ስጦታው ከማን ወገን ይመጣል የሚለው ደግሞ የታሪክ ጥያቄ ነው። በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ነበር፤ ስለዚህ የሚወለደው ልጅ በሁለቱም ወገን የመሬት ባለመብት ሆኖ ይወለዳል። የመጀመሪያ ልጇን ወደ እናቷ ቤት ሄዳ መውለድ የተለመደ በመሆኑ፥ የባል ወገን ስጦታውን ተሸክሞ ወደ አማቶቹ ቤት ይመጣል። እኛ እንደሚመስለን፥ በዚያ ቀን አገልግልና የቅቤ ቅል ይዞ መታየት «ይህ ልጅ የኛም ነው» ብሎ በሰው ፊት መመስከር ጭምር ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ የርስቱ ሥርዓት ቀረ፤ አገልግሉ ግን አልቀረም። ስለዚህ የርስት ነገር ብቻውን ልማዱን አይፈታውም።

እስካሁን የጠቀስነው ለዓይን የሚታየውን ነው። ባልቴቶቹ አብልጠው ያወሩልን ግን ስለማይታየው ነው። የሞተር ወፍጮ ወደ አካባቢው ሳይገባ፥ የቤቱ እህል የሚፈጨው ሴት በድንጋይ ወፍጮ ላይ ተንበርክካ ነበር። አራስ ተኝታ ማን ይፍጭ? ውሃስ ማን ይቅዳ? አንዷ ጎረቤት እህሉን ወስዳ ዱቄት አድርጋ ትመልሳለች፤ ሌላዋ እንጨት ትሰብራለች፤ ሦስተኛዋ ደግሞ አራስ ብቻዋን አትተውምና አብራት ታድራለች። አንዲት ባልቴት ስለ መጀመሪያ ልጃቸው ሲያጫውቱን ገንፎ ማን እንዳመጣላቸው ረስተውታል፤ ሌሊት ሕፃኑን ተቀብላ ያስተኛቻቸውን ሴት ግን ስሟን ከነአባቷ ጠሩልን።

እዚህ ላይ የታሪክ ተማሪ ችግር ይገጥመዋል። የተበላ ስጦታ ማስረጃ አይተውም። በጣልያን አገር በፍሎሬንስ ከተማ በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዓመት ለወለደች ሴት በሥዕል ያጌጠ የእንጨት ትሪ ይሰጥ ነበር፤ ምግብም በዚያ ይቀርብላታል። በ1449 እ.ኤ.አ. ሎሬንዞ ደ ሜዲቺ ሲወለድ የተሠራው ትሪ ዛሬ በኒውዮርክ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይታያል። የቀረበበት ምግብ አልተረፈም፥ ትሪው ግን ተረፈ። በአዲስ አበባም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሕዝባችንን ኑሮ ከልደት እስከ ሞት በቅደም ተከተል ያሳያል፤ ነገር ግን የተፈጨን እህልና የታደረን ሌሊት በመስተዋት ውስጥ ማስቀመጥ እንዴት ይቻላል?

ልማዱን ስናመሰግን ግን ጉድለቱን መሸፈን አይገባንም። ከሚመጣው ቅቤ ላይ ቈንጥሮ ለተወለደው ሕፃን ማቅመስ፥ እንገሩንም ቆሻሻ ነው ብሎ አልቦ መድፋት በብዙ ቦታ የኖረ ነገር ነው። ሐኪሞች ሁለቱንም አጥብቀው ይቃወማሉ፤ እንገር ሕፃኑን ከበሽታ የሚጠብቅ የመጀመሪያ ምግቡ ነውና። የዓለም የጤና ድርጅት ሕፃን እስከ 6 ወር ከእናቱ ጡት በቀር ሌላ እንዳይሰጠው ይመክራል። በ1981 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዓለም የጤና ጉባኤ የጡት ወተት ምትክ ሆነው የሚሸጡ ወተቶች ለሕዝብ እንዳይተዋወቁ የሚያሳስብ ደንብ አጽድቋል። እንግዲህ ተማርን የምንል እኛ ይዘነው የገባነው ጣሳ ከባልቴቲቱ ቅቤ በምን ይሻል ነበር? ባደግንበት የሚስዮን ትምህርት ቤት ሴቶቹ ተማሪዎች ለአራስ ቤት የሕፃን ኮፍያና የእግር ሹራብ ሲሠሩ እናይ ነበር። ሥራቸው መልካም ነው፤ ዳሩ ግን እርሱም ለሕፃኑ እንጂ ለእናቲቱ አይደለም።

ስጦታ እናትን ወደ ሐኪም ሊያቀርብ እንደሚችል የፊንላንድ መንግሥት አሳይቷል። ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለድኆች፥ ከ1949 ጀምሮ ለሁሉም እናቶች የሕፃን ልብስ የሞላበት ሣጥን ይሰጣል፤ እናቲቱም በእርግዝናዋ ጊዜ ወደ ምርመራ እንድትሄድ ግዴታ ተደርጓል። ባገራችንም የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ2003 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ ወዲህ፥ ብዙ ጤና ጣቢያዎች ለወለዱ እናቶች ገንፎ ማገንፋትና ቡና ማፍላት ጀምረዋል። ሴቶቹ በቤት መውለድን ይመርጡ ከነበረባቸው ምክንያቶች አንዱ በጤና ጣቢያ ገንፎውና እልልታው ስለሌለ ነበርና፥ ይህን ያስተዋለ ሰው ምስጋና ይገባዋል። ከፊንላንዱ ሣጥን የሚለየው ግን ገንፎው ለእናቲቱ መሆኑ ነው።

ከጉንደ ወይን ከመመለሳችን በፊት ያችን ዘመዳችንን ሁለተኛ ጠየቅናት። የተቆላ ገብስ ገዝተን በሞተር ወፍጮ አስፈጭተን፥ አንድ ሸክም እንጨትም አስጭነን ሄድን። ጣሳው ሳይከፈት ከቆጡ ላይ ተቀምጧል። እማሆይ የከረጢቱን አፍ ፈትተው ዱቄቱን በመዳፋቸው ይዘው አሸተቱትና፥ ከኛ ጋር ምንም ሳይነጋገሩ ድስት እንዲጣድ አዘዙ።